በሁለት ንግግሮች መሃል የተሰነቀረች ግጥም

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኪነ ጥበብ ዝግጅት የሚባለውን ድግስ ሳይታደም የተመረቀ ተማሪ ጥቂት ነው። አዳራሹ በባነር ያሸበርቃል፤ የፊት ወንበሮች ጨርቅ ለብሰው የክብር እንግዶችን ይጠብቃሉ፤ እንግዶቹ አርፍደው ይገባሉ። የባህል ቡድኑ በየብሔረሰቡ ጭፈራ ይቀበላቸዋል። ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ይቀጥላል፣ የመክፈቻ ንግግር ይከተላል፣ ሌላም ንግግር ይጨመራል። ግጥም ካለች በሁለት ንግግሮች መሃል ትሰነቀራለች፤ መድረክ መሪውም ገጣሚዋን «ሰዓት ሄዷልና አጠር አድርጊልን» ይላታል። በማግስቱ በተቋሙ የፌስቡክ ገጽ የሚወጣው ዜና ንግግር ያደረጉትን ከነሙሉ ማዕረጋቸው ይዘረዝራል። የግጥሟ ርዕስ የለበትም።

የመምህራኑ ዜናም ከዚህ አይሻልም። እገሌ ዲን ሆነው ተሾሙ፤ እገሊት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት አደጉ፤ ከአንድ የውጭ ተቋም ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ሰዓሊው መምህር ዘንድሮ ምን ሳለ? የሙዚቃ መምህሯ ምን ደረሰች? የቴአትር መምህሩ የማንን ተውኔት አዘጋጀ? ይህን የሚፈልግ አንባቢ ዜናውን ደጋግሞ ቢያነብም ወሬውን አያገኝም።

ጉዳዩ የአቀራረብ ጉድለት ብቻ ቢሆን የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በአንድ ስብሰባ ባረመው ነበር። ከሥሩ ያለው ግን በብዙ የዩኒቨርሲቲ አመራሮች ዘንድ የተለመደ እምነት ነው፦ ኪነ ጥበብ የሌላ ሥራ ማድመቂያ ነው፤ ምርቃት ሲኖር፣ ሚኒስትር ሲመጣ፣ በዓል ሲከበር ይጠራል፣ ሲያበቃ ይሰናበታል። ይህ እምነት ስህተት መሆኑን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ታሪክ ይበቃል።

ዩኒቨርሲቲው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ በሩን ሲከፍት ተማሪዎቹ ጥቂት፣ አስተዳዳሪዎቹም በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት የሚመሩ ነበሩ። ከዚህ ትንሽ ኮሌጅ «የኮሌጅ ቀን» የሚባል ዓመታዊ በዓል ወጣ። በበዓሉ ተማሪዎች በአማርኛ ግጥም ይወዳደራሉ፣ ሽልማት ይሰጣል፣ አፄ ኃይለ ሥላሴም ይገኛሉ። የታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1953 ዓ.ም.፣ ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ «ድሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ይዞ ቀረበ። የአገሩን የድሃ ኑሮ በድሃው አንደበት የተናገረው ይህ ግጥም ከግቢው አጥር አልፎ የከተማ መነጋገሪያ ሆነ። የተማሪዎች ንቅናቄን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ዛሬም ሳይጠቅሱት አያልፉም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊ ማነው?» ብሎ የጠየቀውም በዚሁ የተማሪ ግጥም ውድድር ነው። ጥያቄው እስካሁን አገር ያከራክራል።

«እንግዳ ካልተጠራ በጀት አይመጣም፤ እንግዳ ከተጠራ ደግሞ ክብሩ ይጠበቅለታል» የሚል መልስ ከአስተዳደር ቢሮዎች ይሰማል። በኮሌጅ ቀን የተገኘው እንግዳ እኮ ከአገሪቱ ሰው ሁሉ የበላይ ነበር! ልዩነቱ የመጣው ከተቀመጠበት ቦታ ነው። ንጉሡ አድማጭ ነበሩ፤ የሚናገረው ተማሪው ነበር። የዛሬው መድረክ ይህን ሥርዓት ገልብጦታል፤ ባለሥልጣኑ ተናጋሪ፣ ተማሪው አጨብጫቢ ሆኗል።

ያ ዘመን ወርቃማ ነበር ለማለት አይደለም። ቤተ መንግሥቱ የተማሪውን ግጥም ወዶ አልቆየም፤ መድረኩና ሥርዓቱ ዓመት ባለፈ ቁጥር እየተቃቃሩ ሄዱ። መቃቃሩ ራሱ ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ ግጥሙ ይደመጥ ነበር። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ላይ በሚነበብ ግጥም የሚቆጣ ባለሥልጣን ብዙም አይሰማም። ቻይነት በዝቶ ቢሆን ደግ ነበር፤ እሱ ግን በአብዛኛው ግጥሙ ሲነበብ ስልኩን ይነካካል።

መምህር ስለመቅጠርም ያው ታሪክ የሚናገረው አለ። ካይሮ የተወለደው አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር መጣ። በ1963 እ.ኤ.አ. ክራርን፣ መሰንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናን፣ እምቢልታንና ከበሮን ባንድ ያቀናጀውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ከተለያየ ብሔረሰብ የመጡ፣ በየአካባቢያቸው የተካኑ ተጫዋቾች ባንድ መድረክ መቀመጣቸው ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። በኋላ ቡድኑን የመራው ተስፋዬ ለማ ሲሆን፣ ቡድኑ በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ድረስ ተጉዞ ተጫውቷል። የአንድ መምህር ቅጥር ዜና ማለት እንዲህ ያለ ነው፤ ሰውየው ግቢውን ከለቀቀ በኋላም የሚሰማ ድምፅ ትቶ ሄዷል።

በሥዕሉም ያው ነው። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምሮ ተመልሶ በ1950 ዓ.ም. ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁም፣ ቀጥሎ ያመጣቸው በየስቱዲዮአቸው የሚሠሩ ሰዎችን ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ኮሎኝ ተመልሶ ረቂቅ ሥዕልን አስተማረ፤ ገጣሚም ነበር። እስክንድር ቦጎሲያን በ1966 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ መጣ፤ በዚያው ጊዜ ገደማ ከሥዕሎቹ አንዱን የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገዝቶታል። ያስተማረው ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ሆኖም ከእሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ሥራ ላይ እጁ በግልጽ ይታያል። ከአገር ወጥቶ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ሲያስተምር፣ ወሰኔ ኮስሮፍና ከበደች ተክለአብ የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን እዚያ ተምረዋል። እኛ ሦስት ዓመት ያቆየነውን መምህር ሃዋርድ የሥራ ዕድሜውን በሙሉ ሊባል በሚችል ያህል ይዞታል። የሁለቱ ሰዓሊዎች ፍጻሜም በስደት ሆነ፤ ገብረ ክርስቶስ በ1981 እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ አረፈ፣ እስክንድር በ2003 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ሦስት የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች አሉት፦ አለ፣ ያሬድና ዮፍታሔ ንጉሤ። ሦስቱም የተሰየሙት በሠሪ ስም ነው፤ አንዱ በሰዓሊ፣ አንዱ በዜማ ሊቅ፣ አንዱ በጸሐፌ ተውኔት። ስድስት ኪሎ አካባቢ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምም አለው። ስለዚህ «ቤት የለንም፣ ባለሙያ የለንም» የሚለው ምክንያት አያስኬድም። የበጀት እጥረት እውነት ነው፤ ቀለም ውድ ነው፣ የመድረክ መብራትም ይበላሻል። ነገር ግን ለባነር፣ ለአበባ፣ ለእንግዳ መስተንግዶና ለምስክር ወረቀት የሚወጣው ገንዘብ ከየትም ቢሆን ይገኛል። ያው ገንዘብ ለአንድ የምረቃ ዐውደ ርእይ ካታሎግ፣ ለአንድ ተውኔት ተደጋጋሚ ትርኢት፣ ለአንድ የተማሪ ሙዚቃ ቀረጻ ቢውል በዓመቱ መጨረሻ በእጅ የሚያዝ ነገር ይኖራል።

የባህል ቡድኑ ነገር ለብቻው ይነሳ። ለዓመታት የሠለጠኑ ተወዛዋዦች በፀሐይ ቆመው እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ለአሥር ደቂቃ ጨፍረው ከመጋረጃ ጀርባ የሚገፉበት ልማድ ሙያውን ያዋርዳል። አዘጋጅ፣ ርዕስና ሙሉ ሰዓት ያለው የውዝዋዜ ትርኢት ቢሰጣቸው፣ ተመልካቹም ቲኬት ቆርጦ ቢገባ፣ ምን ያህል እንደሚችሉ ያኔ ይለካል።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። የሚቀጥለው የኪነ ጥበብ ዝግጅት ለሥራዎቹ ሙሉ ሰዓት ሰጥቶ ይጀምር። ዜናው ከሥራው ርዕስ፣ ከሠሪው ስምና ከይዘቱ ይነሳ። መምህር ሲያድግ ማዕረጉ ብቻ ሳይሆን ያሳየው ዐውደ ርእይ፣ ያዘጋጀው ተውኔት፣ የደረሰው ዜማ አብሮ ይነገር፤ ሥራ ከሌለውም ይህ ይታወቅ። ሐያሲ ይጠራ፣ በተማሪው ፊት ያልወደደውንም ይናገር። ይህ አይሆንም የሚል ዲን ካለ ምክንያቱን በዚያው መድረክ ያስረዳ፤ ተራ ይዞ፣ ከገጣሚዎቹ በኋላ።