መዝገቡ ከበሽተኛው ቀድሞ ሊማሊሞን ይውጣ

በዘመናችን ሥልጣኔ ካፈራቸው መሣሪያዎች ሁሉ ለድብ ባሕር ይበልጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው ብባል፣ የበሽተኛውን መዝገብ ከበሽተኛው ቀድሞ የሚያደርሰው ነው እላለሁ።

አምና አያቴን ባመማቸው ጊዜ ሊማሊሞን አውጥተን ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው። የሕክምና ወረቀታቸው ግን ቤት ቀርቶ ኖሮ ምርመራው ሁሉ እንደ አዲስ ተጀመረ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ አያቴ ግን አልደበቁም፤ የደበቀው ወረቀቱ ነው።

ኢስቶኒያ በምትባለው ትንሽ የአውሮፓ አገር ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ማዘዣ በኮምፒዩተር ይጽፋል፤ በሽተኛውም መታወቂያውን ብቻ ይዞ ወደ ፈለገው መድኃኒት ቤት ይሄዳል።

«እኛ ዘንድ መብራትና ኔትወርክ መቼ ተሟላ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት መንገዱም ሐኪሙም አልተሟላም ነበር፤ ቢሆንም የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። ዛሬም በአገራችን በብዙ ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰቡን መዝገብ በታብሌት ይይዛሉ፤ መሣሪያውም ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ፣ በተገኘ ጊዜ ይልካል።

እንግዲህ መዝገቡ ለሪፖርት ብቻ ወደ ላይ አይሂድ፤ ምስጢሩ ተጠብቆ በሽተኛውን ለሚቀበለው ሐኪም ይድረስ፤ የሐኪሙም ምክር ወደ ጤና ኬላው ይውረድ። ይህ ሲሆን ያለ ምክንያት ዳገት የሚወጣ በሽተኛ ይቀንሳል።

ያ ቀን እስኪደርስ ግን፣ ወላጆቻችን ሆይ፣ የሕክምና ወረቀታችሁን እንደ መሬት ደብተራችሁ ጠብቁት።