ዲግሪውም እንደ ጭነቱ ሰነዱ ተሟልቶ ይላክ

ዕቃ ወደ ውጭ ልኮ የሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቡናው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፥ ዝንጅብሉም የቱንም ያህል ደርቆ ቢበጠር፥ ሰነዱ ካልተሟላ ገንዘቡ እንደማይከፈል ነው። በፋክቱሩ ላይ የተጻፈው ስም በጭነት ሰነዱ ላይ ከተጻፈው በአንዲት ፊደል ቢለይ ባንኩ ሰነዱን ሊመልሰው ይችላል። ይህ ከባንከኛው ክፋት የመጣ አይደለም። የዓለም ባንኮች ኤልሲ ሲከፍቱ የሚመሩበት ደንብ ባንክ የሚመረምረው ሰነድን እንጂ ዕቃን እንዳልሆነ በግልጽ ይደነግጋል። ባንከኛው ከረጢት ፈትቶ ቡና አይቀምስም፤ ወረቀቱን ብቻ ያያል።

ዛሬ ለአንባብያን ልናነሣ የፈለግነው ጉዳይ ግን የቡና አይደለም። ከቤታችን ስለሚወጣ ሌላ ውድ ነገር፥ ማለትም ልጆቻችን በብዙ ድካም ስላገኙት የዩኒቨርስቲ ዲግሪና፥ በዚሁ ዲግሪ በውጭ አገር የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ሲጠየቅ ስለሚደርስበት ምርመራ ነው። ይህ የነጋዴ ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር፥ የትምህርቱን ክፍያ ከሱቁ መሳቢያ አውጥቶ የከፈለው ማን እንደ ሆነ ይጠየቅ። ከሶዶ እስከ ቢጠና ገበያ ድረስ፥ የልጁን ትምህርት ከሥራ ማስኬጃው ገንዘብ ቀንሶ ያላስተማረ ነጋዴ ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ የውጭ አገሮች ሥርዓት ምን እንደሚመስል በአጭሩ እንግለጽ። ካናዳ የሠለጠኑ ሠራተኞችን ስትቀበል አመልካቹን በነጥብ ትመዝናለች። የሠለጠኑ ሠራተኞች በሚገቡበት በፌዴራሉ መርሐ ግብር ከ100 ነጥብ ቢያንስ 67 ማግኘት ያስፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ ለትምህርት የተመደበው እስከ 25 ነው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ የመጀመሪያ ዲግሪ 21 ነጥብ፥ ሁለተኛ ዲግሪ 23 ነጥብ ያስገኛል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከካናዳ ውጭ የተገኘ ዲግሪ፥ መንግሥቱ በሰየማቸው መርማሪ ድርጅቶች ተመዝኖ ከካናዳ ዲግሪ ጋር መተካከሉ ካልተረጋገጠ በቀር አንድም ነጥብ አያስገኝም። ይህም ማረጋገጫ የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ብቻ ነው። እንግዲህ ዲግሪ ያለው ወጣት ይህ አንድ ወረቀት ቢጎድለው፥ በሕጉ ፊት ዲግሪ እንደሌለው ሰው ይቆጠራል።

የጀርመን መንግሥት ደግሞ ‹አናቢን› የሚባል መዝገብ አለው። በዚህ መዝገብ በየአገሩ ያሉ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ተዘርዝረው፥ ዕውቅና ያለው የመደመር ምልክት፥ የሌለው የመቀነስ ምልክት፥ ጉዳዩ በየሰዉ መታየት ያለበት ሁለቱም ምልክት ይደረግበታል። እ.ኤ.አ. ከጁን 2024 ጀምሮ ሥራ ፈላጊዎች ወደ ጀርመን የሚገቡበት አዲስ ካርድ ሲሰጥ፥ ከውጭ የመጣው ትምህርት በተገኘበት አገር በመንግሥት የታወቀ መሆን አለበት። የወላይታ ልጆች በብዛት የሚጓዙባት ደቡብ አፍሪካም ብትሆን፥ እጥረት ላለበት ሙያ የምትሰጠውን የሥራ ቪዛ ለመጠየቅ የውጭ ዲግሪ በትምህርት ማስረጃዎች ባለሥልጣንዋ መመዘን እንዳለበት ትደነግጋለች።

የእነዚህ ሁሉ መርማሪዎች ጥያቄ ሲጠቃለል ሦስት ነው። ትምህርት ቤቱ በገዛ አገሩ መንግሥት ዕውቅና አለውን? ወረቀቱ በእርግጥ ከትምህርት ቤቱ የወጣ ነውን? ስንት ዓመትስ ተምሮ ነው? ልክ እንደ ባንከኛው፥ ልጁ ጎበዝ ይሁን ሰነፍ አይጠይቁም። ለዚህም ነው ውጤቱ በተማሪው እጅ ሳይሆን ከዩኒቨርስቲው ሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ እንዲላክላቸው የሚሹት።

መሰናክሉ የሚገኘው በውጭ አገር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በእኛ አስተያየት ግን አብዛኛው መሰናክል እዚሁ በደጃችን ያለና በእጃችን ሊነሣ የሚችል ነው።

አንደኛው የትምህርት ቤቶች ስም መለዋወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ የተባለው በ1975 አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሆነ። የዓለማያ ዩኒቨርስቲ በ2006 ሐረማያ ተባለ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን፥ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርስቲ በ1999 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊት ብዙ የአካባቢያችን ልጆች የተማሩበትና እ.ኤ.አ. በ2006 ሐዋሳ ዩኒቨርስቲ ተብሎ የተሰየመው የደቡብ ዩኒቨርስቲ ነው። በቶሮንቶ የተቀመጠ መርማሪ ‹ደቡብ ዩኒቨርስቲ› የሚል ወረቀት ሲደርሰው በዛሬው ዝርዝር ውስጥ ስሙን ቢያጣው አይፈረድበትም። ይህን በሁለት መስመር ደብዳቤ የሚያስረዳለት ግን ከዚህ መገኘት አለበት።

ሁለተኛው የሰው ስምና የዘመን አቆጣጠር ነው። የወላይታን ስም እንኳ ብንወስድ በላቲን ፊደል ሦስትና አራት ዓይነት ሆኖ ሲጻፍ እናያለን። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ፊደላትን እየደጋገመ ያጠብቃል፥ ያስረዝማልም፤ ፓስፖርቱ ደግሞ ስሙን ከአማርኛው ገልብጦ ይጽፋል። ስለዚህ አንድ ልጅ በትምህርት ቤት አንድ ስም፥ በፓስፖርት ሌላ ስም ይዞ ይገኛል። ዘመኑም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተወለደ ልጅ በ2010 ዓ.ም. ቢመረቅ 21 ዓመቱ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ያልለየ መርማሪ ግን በ13 ዓመቱ ዲግሪ የያዘ አድርጎ ያነበዋል፤ ከዚያም ይጠራጠራል።

ሦስተኛው የወጪ መጋራት ዕዳ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርስቲ የተማረ ሰው የትምህርቱን ወጪ ከፊል ለመክፈል ውል ይገባል። ይህን ሳያጠናቅቅ ዋናውን ዲግሪና ወደ ውጭ የሚላከውን ይፋ የውጤት ዝርዝር አያገኝም፤ በእጁ ያለው ጊዜያዊው ብቻ ነው። ዕዳው ተገቢ ነው፥ መከፈልም አለበት። ጥፋቱ ልጁ ይህን የሚያስታውሰው የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የከበደው፥ ዕውቅና በሌለው ትምህርት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ፥ ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ለግል ኮሌጅ ዕውቅና የሚሰጠው በጅምላ አይደለም፤ በየትምህርቱ ዓይነትና በየቅርንጫፉ ነው። በአዲስ አበባ ለአካውንቲንግ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ በሌላ ከተማ ለከፈተው የነርስ ትምህርት ዕውቅና አለው ማለት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደርጓል። በመጀመሪያው ዙር ካለፉት ውስጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ከመቶ 62 ያህሉ ሲሆኑ፥ ከግል ተቋማት ያለፉት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። አባት ልጁን ሲያስመዘግብ የሕንጻውን ቁመት ሳይሆን ይህን ቁጥር መጠየቅ ነበረበት።

እዚህ ላይ የውጭዎቹ መርማሪዎች ጥንቃቄ ከንቀት የመጣ ነው ብሎ ማማረር አይገባንም። በቅርብ ዓመታት መንግሥታችን ራሱ የሠራተኞቹን የትምህርት ማስረጃ ሲያጣራ ብዙ ሐሰተኛ ወረቀት ተገኝቷል። ውሃ የተቀላቀለበት ቅቤ በገበያ አንድ ቀን ከተገኘ፥ በማግስቱ የንጹሑም ቅቤ ቅል ይፈተሻል። ሐሰተኛ ዲግሪ የገዛ ሰው የጎዳው ቀጣሪውን ብቻ አይደለም፤ በእውነት የተማረውን የጎረቤቱን ልጅ ጭምር ነው።

የዚህ ሁሉ ዋጋ በገንዘብ ብቻ የሚቆጠር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ የቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ያለቁ 64 ኢትዮጵያውያን ተገኙ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ፥ በሉሳካ አጠገብ፥ የ27 ሰዎች ሬሳ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ እነዚህም ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ ተገምቷል። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው ይህ መንገድ ከየትኞቹ አውራጃዎች ልጆችን እንደሚወስድ እኛ የወላይታ፥ የሐድያና የከምባታ ሰዎች ማንም ሊነግረን አያሻም። ሕጋዊው በር የተዘጋ የመሰለው ወጣት ዐይኑን የሚጥለው በዚህ መንገድ ላይ ነው፤ ደላላውም ‹ወረቀት አያስፈልግህም› እያለ የሚያባብለው በዚሁ ምክንያት ነው። ወረቀቱ ቢሟላ ሁሉም ይሄዳል አንልም፤ ብዙዎች ነጥቡ አይሞላላቸውም። ነገር ግን በሕግ መሄድ ይችል የነበረ አንድ ልጅ በስም አጻጻፍና በሬጅስትራር ዝምታ ምክንያት ወደ ኮንቴይነሩ ቢያመራ፥ ከተጠያቂነት የምናመልጥ አይመስለንም።

የተማረውን ወጣት ወደ ውጭ እንዲሄድ መርዳት አገርን ማራቆት ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም፤ ሐኪም በጎደለበት አገር ሐኪም ሲሄድ ያማል። ይሁን እንጂ ሰነዱን በማዘግየት የቀረ ሰው የለም፤ የሚቀረው ሥራና ተስፋ ያገኘ ነው። ከዚህም ሌላ፥ በስሙና በዲግሪው ታውቆ የሄደ ሰው ገንዘቡን በባንክ ይልካል፥ ሙያውን ያሳድጋል፥ ሲመለስም ተቀብሎ የሚያሠራው አለ። ተደብቆ የሄደው ግን መመለሻው ከባድ ነው። የዕውቅናው መንገድም ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው፤ በውጭ የተማረ ልጃችን ሲመለስ፥ ወይም አስመጪው ለማሽኑ ተከላ የውጭ ባለሙያ ሲያስመጣ፥ የዚያ ሰው ማስረጃ እዚህ ይመረመራል። የእኛ ወረቀት በፍጥነት እንዲታመን የምንሻ ከሆነ የእነሱንም በፍጥነት ልንመረምር ይገባናል። የአፍሪካ መንግሥታት የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃቸውን እርስ በርስ እንዲያውቁ የተሻሻለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 የጸደቀው በአዲስ አበባ ከተማ መሆኑ ይህን ግዴታ ያጠብቅብናል።

ስለዚህ የሚከተለውን ለምክር ቤታችን እናቀርባለን። አንደኛ፥ ምክር ቤቱ ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርስቲና በከተማው ላሉ ኮሌጆች በጽሑፍ አመልክቶ፥ ከውጭ መርማሪ ድርጅት ለሚመጣ ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት የተወሰነ ቀንና ኀላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰው እንዲመደብ ይጠይቅ። እኛ የላኪዎች ሰነድ በጉምሩክ ሲዘገይ አቤት እንደምንል፥ ለዚህም አቤት ማለት ይገባናል። ሁለተኛ፥ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማእከል ሆናለችና፥ በቀድሞው ክልል ማኅተም የወጡ የትምህርት ማስረጃዎች የሚረጋገጡበት መንገድ ለሕዝብ በግልጽ ይነገር። ሦስተኛ፥ ወላጆች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት የኮሌጁን ዕውቅና በትምህርቱ ዓይነትና በቅርንጫፉ ለይተው ከባለሥልጣኑ ይጠይቁ፤ የልጃቸውም የላቲን ስም ከልደት ምስክር ወረቀት እስከ ፓስፖርት አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲጻፍ ይትጉ።

አራተኛው የራሳችን የነጋዴዎች ድርሻ ነው። የውጭዎቹ መንግሥታት ከዲግሪው ጋር የሥራ ልምድንም ይመዝናሉ፤ ለዚህም የቀጣሪውን ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደብዳቤው የሠራተኛውን የሥራ ዓይነት፥ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ቀን፥ በሳምንት የሠራውን ሰዓትና ደመወዙን መናገር አለበት። በሱቃችን አራት ዓመት ሒሳብ የያዘልን ወጣት ደብዳቤ ሲጠይቀን፥ ‹መልካም ጠባይ ያለው ነው› የምትል አንዲት መስመር ጽፈን ማኅተም መምታት አይበቃም። ለብዙዎቻችንም ደብዳቤውን የሚያከብደው ልጁን በመዝገብ ሳንይዝ፥ ጡረታውንም ሳንከፍል መቅጠራችን ነው። ዩኒቨርስቲው ሰነዱን ያሟላ ብለን ስንጠይቅ፥ የእኛም መዝገብ የተሟላ ይሁን። አንድ ጭነት ሲመለስ ኪሳራው የላኪው ነው፤ በሚቀጥለው ወቅት ሌላ ይልካል። የአንድ ልጅ የወጣትነት ዘመን ግን ሌላ ወቅት የለውም።