ጥቅምትን ከመጻሕፍት ጋር

መስቀል አልፎ ልጆች ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ጉንችሬ ጭር ትላለች። ክትፎ ሲከተፍበት፣ ቆጮ ሲጋገርበት፣ እንግዳ ሲገባ ሲወጣበት የሰነበተ ቤት በሳምንት ውስጥ ኮሽታ የማይሰማበት ይሆናል። ዘንድሮ ልጆቼ ሲሄዱ የቀረልኝ አምስት መጻሕፍት የያዘ ፌስታል ነው። ትልቋ ልጄ «ጡረታ ከወጣሽ ጀምሮ ‹ጊዜ ባገኝ አነባለሁ› ትያለሽ፤ ይኸው ጊዜውም መጽሐፉም» ብላኝ ሄደች። እኔም ጥቅምትን ለንባብ መደብኩት። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና አብራኝ የምትኖረው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የልጅ ልጄ ነን።

ወሩ ሲያልቅ ሒሳቤን ሠራሁ። አምስቱንም ገልጫለሁ፤ አንዱን ጨርሻለሁ፤ ሦስቱን አቋርጫለሁ፤ አምስተኛው ገና በመነበብ ላይ ነው። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ይበልጡን ስላቋረጥኳቸው ነው።

አስቀድሜ ስለጨረስኩት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ነው፤ በ1985 ዓ.ም. የታተመው። ሐዲስን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በልብ ወለዳቸው ነው። በዚህ መጽሐፍ ግን የራሳቸውን ታሪክ ይነግሩናል፤ በወጣትነታቸው ጣሊያንን ለመውጋት ከራስ እምሩ ጋር መዝመታቸውን፣ ኋላም ተማርከው ባሕር ተሻግረው መታሰራቸውን። እኩለ ቀን ላይ ወንበሬን ደጅ አውጥቼ፣ ጀፎረው ላይ ከብት ሲግጥ እያየሁ፣ በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። የአያቶቻቸውን ዘመን ለልጆቻቸው ማስረዳት ለሚቸግራቸው ወላጆች መልካም መጽሐፍ ነው እላለሁ።

ካቋረጥኳቸው የመጀመሪያው የስኬት ምስጢር ነው ከሚባሉት የትርጉም መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ስሙ ይቅር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የሚነሳ ሰው ሀብታም ይሆናል ይላል። እኔ በሥራ ዘመኔ ምጥ ከያዛት እናት ጎን ሆኜ ስንት ሌሊት ሳይነጋ ነቅቻለሁ፤ ሀብቱ አልመጣም። ሃያኛው ገጽ ላይ ዘጋሁትና ቅር ሳይለኝ ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት። ድሮ ቢሆን አልተወውም ነበር። እኛ ያደግነው የቀረበልንን ሳንጨርስ ከገበታ መነሳት ነውር ነው እየተባልን ነው፤ መጽሐፍንም እንደዚያው እናየዋለን። ግን የማይስማማ ምግብ በግድ አይበላም፤ ልጆቻችንንም የጀመሩትን መጽሐፍ ካልጨረሳችሁ ብለን ባናስጨንቃቸው ጥሩ ነው። ትቶ ሌላ የሚያነሳ ልጅ እያነበበ ነው።

የሚቀጥሉት ሁለቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተዘጉም።

አንዱ «የሁለት ከተሞች ወግ» ነው። የእንግሊዛዊው የቻርልስ ዲክንስ ሥራ ሲሆን በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የለንደንና የፓሪስን ሰዎች ታሪክ ይተርካል። ያነሳሁት ለተርጓሚው ስል ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የጉራጌ ልጅ ነው፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከመግነኑ በፊት በቸሃ ቋንቋ ልብ ወለድ ጽፎ፣ ሥራው በፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 አሜሪካ ታትሞለታል። የጎረቤታችን የቸሃ ቋንቋ ያን ያህል መሄዱ ሁልጊዜ ያኮራኛል። ሆኖም መጽሐፉ አልገፋልኝ አለ። ሰዎቹን አምታታቸዋለሁ፤ አንዱን ገጽ ሦስቴ እመለስበታለሁ። የባዕድ አገር ስም ነው ያስቸገረኝ ብዬ ተውኩት።

ሁለተኛው የአዳም ረታ «የስንብት ቀለማት» ነው፤ ጡብ የሚያህል። አዳም ታሪኩን እንደ ሸማ ድርና ማግ የሚያጠላልፍ ደራሲ ነውና ልብ ብሎ መከተል ይጠይቃል። አሁን የባዕድ ስም የለ፣ የማላውቀው አገር የለ፤ ግን እሱም አልሆነም። ገና በጠዋቱ ግንባሬን ያመኛል፣ መስመሩ ይጠፋብኛል፣ አስቀምጠዋለሁ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ የወለደቻቸውን ልጆች ስም መለየት አቅቷት ነበር። የእኔም ጀመረ ማለት ነው ብዬ ለብቻዬ ተብሰለሰልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ ደውላ «እማዬ፣ የአዳምስ መጽሐፍ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ጨረስኩት፣ ግሩም ነው» አልኳት። በስልሳዎቹ ዕድሜ ስለ መጽሐፍ መዋሸት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያየ ያውቀዋል።

ያወጣችኝ የልጅ ልጄ ናት። አንድ ማታ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ላስተዋውቃት ብዬ ጮክ ብዬ አነብላት ጀመር። በልጅነታችን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰፈርተኛው አንድ ሬዲዮ ዙሪያ እንዴት እንደሚሰበሰብ ነገርኳትና ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይታ «እማማ፣ ይህችን መስመር እኮ አሁን አነበብሻት» አለችኝ። ቀጠልኩ። «አሁን ደግሞ አንድ መስመር ዘለልሽ» አለች። ቀና ብዬ አየኋት። «ደግሞ ለምንድን ነው መጽሐፉን ወደ ግራ ዞር አድርገሽ የምትይዢው?»

ለሠላሳ ዓመት ከዚያ በላይ ለታካሚ ስል የኖርኩትን ያን ጊዜ ለራሴ አደረግኩት። ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። በቀኝ ዓይኔ ገጹ ጭጋግ የወረደበት ማሳ መስሎ ታየኝ። ቀኙን ሸፍኜ በግራው ሳይ ፊደሉ አለ። የደከመው ማሰቢያዬ ሳይሆን አንድ ዓይኔ ኖሯል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከገበያ ሦስት መነጽር ቀያይሬአለሁ፤ ማታ የመኪና መብራት ዓይኔን ሲወጋኝ «እርጅና ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። እነዚህ ምልክቶች ምን እንደሆኑ ግን ለስንት እናት አስረድቼ ነበር።

በሆሳዕና በኩል ዞሬ ቡታጅራ ዓይን ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። የገመትኩት ነው፤ የዓይን ሞራ ግርዶሽ። ለኅዳር መጨረሻ ለቀዶ ሕክምና ተቀጥሬአለሁ።

እኩዮቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያዊ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ የሚሆኑት በዚሁ በዓይን ሞራ ብርሃናቸውን ማጣታቸውን አሳይቷል። ሞራው የዓይን ውስጥ ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። በጠብታ አይጠራም፤ በቅጠልም አይለቅም። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ በአጭር ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው። ሁለቱ ዓይኖች እኩል ስለማይደፈርሱ ደህናው የታመመውን ይሸፍንለታል፤ ባለቤቱም ሳያውቅ ይኖራል። ስለዚህ አንዱን ዓይን ሸፍኖ በሌላው ማየት ምንም ወጪ የሌለው ምርመራ ነው። ዛሬውኑ ይህችን ጋዜጣ ይዛችሁ ሞክሩት። በድንገት ያመመ፣ የቀላና እይታው የቀነሰ ዓይን ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዕለቱ ሐኪም ይየው።

ልጆችም ብትሆኑ፣ ማንበብ ይወዱ የነበሩ እናት አባታችሁ መጽሐፍ ሲተዉ፣ ጥልፍ ሲያቆሙ፣ ምስር ለመልቀም እናንተን ሲጠሩ «አረጁ» ብላችሁ አትለፉት። እነሱ ስለሚፈሩ አይነግሯችሁም። እኔ ነርሷ እንኳን አልተናገርኩም።

ለልጄ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣችኝ። ዲክንስና አዳም ያቆምኩባቸው ገጾች ላይ ወረቀት ተሰክቶባቸው መደርደሪያው ላይ ኅዳርን እየጠበቁ ነው። ካዳንኩ በኋላም ካልጣሙኝ ያን ጊዜ በሙሉ ልቤ እተዋቸዋለሁ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሁን የምታነብልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ከእራት በኋላ አሥር አሥር ገጽ። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቷል። ትናንት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሳለ ከክፍሏ በር ሥር ብርሃን አየሁ። ከፈት አድርጌ ሳይ ብርድ ልብስ ተከናንባ በስልክ መብራት ወደፊት ታነባለች፤ ያለ እኔ። «ዓይንሽን!» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይን ያደክም እንደሆነ እንጂ አያጠፋም። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ተኛሁ።