«ላክነው» ማለት «ደረሰ» ማለት አይደለም

አደራ ጥብቅ ነው ይላሉ አባቶቻችን። ዕቃውን ጎረቤት ዘንድ ያስቀመጠ ሰው ሲመለስ ከሁለት መልስ አንዱን ይጠብቃል፤ «ይኸው ዕቃህ» ወይም «ይቅርታ፣ እንዲህ ሆነብኝ»። ዕቃውን ሳይረከብ «ተረክቤአለሁ፣ አትሥጋ» የሚል ጎረቤት ግን ከአደራ በላ በምን ይሻላል?

ይህን ያነሳነው ጎረቤት ለማማት አይደለም። በኮምፒዩተርና በስልክ ያለንን ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና ቪዲዮ በኢንተርኔት እየወሰደ ቅጂውን ሩቅ ቦታ ስለሚያስቀምጥልን፣ «ክላውድ ባክአፕ» ስለምንለው ፕሮግራም ለመናገር ነው። ክላውድ ደመና ማለት ቢሆንም በሰማይ የተንጠለጠለ ነገር የለም፤ በሌላ ሰው ሕንፃ ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ነው። እንግዲህ እሱም አደራ ተቀባይ ነው ማለት ነው።

የደረሰብንን እንናገር። ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመደብን አምስት ሠልጣኞች ነበርን። 38 የትምህርት ዕቅድ ጽፈን፣ ስናስተምር የተቀረጽንባቸውን 6 ቪዲዮዎች ጨምረን፣ ሁሉንም በአንዳችን ላፕቶፕ ላይ አስቀመጥን። ባክአፕ የሚያደርግ ፕሮግራምም ጫንን። ማታ ማታ ስንከፍተው አረንጓዴ ምልክት አሳይቶ «ተጠናቋል» ይለናል፤ እኛም ደስ ብሎን እንተኛለን። ሥራውን ለማስረከብ ዘጠኝ ቀን ሲቀረን የላፕቶፑ ዲስክ ተበላሸ። መጀመሪያ አልደነገጥንም፤ «ምን ቸገረን፣ ክላውድ ላይ አለ አይደል!» ብለን ተሳሳቅን። በሌላ ኮምፒዩተር ስንከፍተው ግን ከዕቅዶቹ 35፣ ከቪዲዮዎቹ 2 ብቻ አገኘን። ቀሪዎቹ የሉም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ማንም በማይገባበት አንድ ገጽ ላይ «አልተሳካም፣ አልተሳካም» የሚል የሦስት ሳምንት ዝርዝር ተደርድሮ አየን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

መምህራችን ችግራችንን ተረድተው እንደገና እንድንቀረጽ ፈቀዱልን። ተመልሰን አራተኛ ክፍል ገብተን ትምህርቱን ስንጀምር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ይሄን እኮ ተምረናል!» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን አፈርን፤ የልጆቹን አራት ክፍለ ጊዜ የወሰደብን ያ አረንጓዴ ምልክት ነበርና።

በእኛ አመለካከት የፕሮግራሙ ጥፋት አፕሎድ አለማድረጉ አይደለም። መብራት ይጠፋል፣ ኔትዎርክ ይቆራረጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። ጥፋቱ አለመሳካቱን መደበቁ ነው። ሌላው ጥፋት ደግሞ ያልተሳካው ለምን እንዳልተሳካ ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ዓይነት መንገድ መደጋገሙ ነው።

ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ ነውና ሥሩን እንመልከት። በክፍላችን ሁለት ተማሪዎች ፈተና ወደቁ እንበል። አንዱ የፈተናው ቀን ታሞ ነበር፤ ሌላው ግን ትምህርቱ ፈጽሞ አልገባውም። የታመመውን ሲድን ብትፈትኑት ያልፋል። ያልገባውን ግን ሳታስረዱ አሥር ጊዜ ብትፈትኑት አሥር ጊዜ ይወድቃል። የፋይልም ነገር እንዲሁ ነው። ኔትዎርክ ሲቋረጥ፣ ወይም ሰርቨሩ ሥራ በዝቶበት 503 የሚለውን ቁጥር ሲመልስ፣ ፋይሉ እንደ ታመመው ተማሪ ነውና ቆይቶ መሞከር ይበቃል። የማከማቻው ቦታ ሲሞላ፣ ፈቃድ ሲከለከል ወይም የፋይሉ ስም ተቀባይነት ሲያጣ ግን መደጋገም ዋጋ የለውም፤ ሰው ተጠርቶ ሊያስተካክለው ይገባል።

የመጀመሪያውን ዓይነት ለመፍታት የታወቁ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው በየሙከራው መካከል ያለውን ጊዜ ማራዘም ነው፤ 1 ሴኮንድ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8 እያሉ መጠበቅ። ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜም ይጨመርበታል፤ አለዚያ ሰርቨሩ ከድካሙ ሲነሳ ሺህ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ይረባረብበታል። ሁለተኛው ከተቋረጠበት መቀጠል ነው። ጎግል ድራይቭ ለፕሮግራም ሠሪዎች ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ትልቅ ፋይል መጠናቸው የ256 ኪሎባይት ብዜት በሆኑ ቁርጥራጮች ሊላክ ይችላል። መስመሩ ሲቋረጥ ፕሮግራሙ «እስከ የት ደርሶሃል?» ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቅና ከዚያው ይቀጥላል። የተጀመረው አፕሎድም ለአንድ ሳምንት ይጠብቀዋል። የእኛ ፕሮግራም ግን ቪዲዮውን 80 በመቶ ካደረሰ በኋላ መስመር ሲጠፋ በማግስቱ ከዜሮ ይጀምር ነበር። ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋ በር ላይ እንደሚሰበርባት ሴት ማለት ነው፤ ሁልጊዜ ጉዞ፣ ሁልጊዜ ባዶ ቤት።

ሁለተኛውን ዓይነት ደግሞ እነዚያ ሦስት የጠፉ ዕቅዶች አስተማሩን። ሦስቱም ስማቸው ጥያቄ ነበር፤ ለምሳሌ አንዱ «ትነት ምንድን ነው?» ይባላል። ላፕቶፑ በሊኑክስ የሚሠራ በመሆኑ የጥያቄ ምልክቱን ያለ ችግር ተቀበለው። ዊንዶውስ ግን በፋይል ስም ውስጥ የማይቀበላቸው ዘጠኝ ምልክቶች አሉ፤ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ ባለ ሁለት ነጥቡ የፈረንጅ ምልክት (:) ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው። የባክአፕ ፕሮግራማችንም ይህንኑ ደንብ ተከትሎ መለሳቸው። የእኛው ሁለት ነጥብ (፡) ሌላ ምልክት ስለሆነ ከዘጠኙ ውስጥ የለም። ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በኮምፒዩተር አጻጻፍ በብዛት በሚሠራበት ዩ.ቲ.ኤፍ-8 በሚባለው ደንብ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በሊኑክስ ዲስኮች ላይ የፋይል ስም አብዛኛውን ጊዜ ከ255 ባይት መብለጥ ስለማይችል፣ ስሙ ከ85 ፊደል ካለፈ አይገባም። ዕቅዱን በሙሉ በፋይሉ ስም ላይ የምንጽፍ ልጆች ልብ እንበል!

ታዲያ የስም ጉድለትን ሺህ ጊዜ ቢሞክሩት ይስተካከላል? አይስተካከልም። ፕሮግራሙ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይሞክር ነበር። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ያለውን ፋይል ለብቻው አውጥቶ፣ ሌሎቹን አሳልፎ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «3 ፋይሎች አልገቡም፤ ስማቸውን አስተካክሉ» ቢለን ምን ነበረበት? አንድ እንኳ ያልገባ ፋይል እያለ «ተጠናቋል» የሚል ቃል መታየት የለበትም። ሰባት ከአሥር ያመጣ ተማሪ ደብተር ላይ አሥር ከአሥር ብንጽፍ ደግ መምህር አንባልም፤ ነገ እሱኑ ነው የምንጎዳው።

ከፊሎቹ ጓደኞቻችን «ኧረ ተዉት፣ ፍላሽ ይበቃል» ይላሉ። ፍላሽ ይጠቅማል፤ ግን ይጠፋል፣ ቫይረስም ይይዘዋል። በፎቶግራፍ ባለሙያው በፒተር ክሮግ በኩል የታወቀው የ3-2-1 ደንብ ሁለቱን ያስታርቃቸዋል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ። ሌሎች ደግሞ «ጥፋቱ የእናንተ ነው፣ ለምን አላያችሁም?» ይሉናል። ግማሽ እውነት አላቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ፋይል እንኳ ከክላውድ መልሰን ከፍተን አላየንም። ዲስኩ ባይበላሽ ኖሮ እስከ ዛሬም ባላየን ነበር። ከጥፋት ነፃ አይደለንም፤ ቢሆንም የእኛ ስንፍና የፕሮግራሙን ሐሰት እውነት አያደርገውም።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ በቡድናችን የወሰንነውን ለሌሎችም እናካፍል። በየሳምንቱ ዓርብ አንዳችን በላፕቶፑና በክላውዱ ያሉትን ፋይሎች ቆጥሮ ያመሳክራል። ከመካከላቸውም አንዱን በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ ያያል፤ ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ በመንገድ የተጎዳ ፋይል አይከፈትም። የማከማቻውን ቦታም እንመለከታለን። ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለድራይቭ ብቻ ሳይሆን ለጂሜይልና ለፎቶም ጭምር ነው፤ ስለዚህ የሠርግ ፎቶ የትምህርት ዕቅድን ቦታ ሊያሳጣው ይችላል። ቅጂው ተከፍቶ ሳይታይ ደግሞ ዋናውን አናጠፋም።

ለመምህሮቻችንም አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። በኮምፒዩተር ትምህርት ላይ መጻፍና ማስቀመጥ ተምረናል፤ የጠፋን ፋይል መልሶ ማግኘት ግን ተለማምደን አናውቅም። ለዚሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢመደብና አንድ ፋይል ሆን ተብሎ ጠፍቶ ሁላችንም እንድንመልሰው ብንደረግ ጥቅሙ ብዙ ነው።

12ኛን ጨርሰን እዚህ ስንገባ የያዝነው የራሳችንን ውጤት ብቻ ነበር። ነገ ግን የሌሎች ልጆች ውጤት በእጃችን ይገባል። የዓመት ልፋቱ የጠፋበት ልጅ ፊት ቆመን «አፕሎዱ አልተሳካም ነበር» ብንል ምን ይጠቅመዋል? አደራ ነውና «ላክነው» ብለን አንተኛ፤ «ደረሰ?» ብለን እንጠይቅ።