የቀዝቃዛዎቹ ባህሮች ለውጥና የምርምር በጀት ጥያቄ

በአላስካና በሩሲያ መካከል በሚገኘው የቤሪንግ ባህር የበረዶ ሸርጣን ማጥመድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ታግዷል። የአላስካ ባለሥልጣናት ለውሳኔው መነሻ ያደረጉት በየዓመቱ የባህሩን ወለል በመረብ እየቃኙ የሚመለሱ መርከቦች ያሰባሰቡትን መረጃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚያመለክተው፤ ከ2018 እስከ 2021 በነበሩት ዓመታት ከ10 ቢሊዮን በላይ ሸርጣኖች ከአካባቢው ጠፍተዋል። ተመራማሪዎቹ ዋነኛ ምክንያት ያሉት ርሃብን ነው። በክረምት የሚጋገረው የባህር በረዶ ሲቀልጥ ከወለሉ ላይ ከ2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የሆነ ውሃ ይተኛል፤ ወጣት ሸርጣኖች የሚያድጉትም በዚሁ ቀዝቃዛ ስፍራ ነው። በ2018 እና በ2019 ግን በረዶው እጅግ ሳሳ፤ ውሃውም ሞቀ። የውሃው ሙቀት ሲጨምር የእንስሳቱ የምግብ ፍላጎት በእጅጉ ጨመረ፤ ቁጥራቸው በዝቶ በጠባብ ስፍራ ተከማችተው ስለነበር ያለው ምግብ ሊበቃቸው አልቻለም።

በዚህ መካከል የተፈጠረ አንድ ክፍተት በጀት ለሚመድቡ አካላት ልዩ ትርጉም አለው። ከ1982 ጀምሮ በወጥ ዘዴ ሲካሄድ የቆየው ዓመታዊ ዳሰሳ በ2020 በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ሳቢያ ተሰርዞ ነበር። አስተዳዳሪዎቹ በእጃቸው ባለው የቀድሞ መረጃ ተመርኩዘው የዓመቱን ኮታ ከ15 ሺህ ቶን ገደማ ወደ 20 ሺህ ቶን ከፍ አደረጉት። በቀጣዩ ዓመት መርከቦቹ ሲመለሱ ያገኙት ባዶ ሊባል የሚችል ወለል ነበር። ዳሰሳው ቢካሄድ ሞቱን ባላስቀረ፤ ሆኖም ሀብቱ እየተመናመነ ባለበት ወቅት ኮታ ባልጨመረ ነበር ማለት ይቻላል። ማጥመዱ በጥቅምት 2024 የተፈቀደው በ2 ሺህ 100 ቶን ገደማ ብቻ ነው።

የገንዘቡ ምንጭ ጉዳይ እንደየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1997 ያቋቋመው የሰሜን ፓስፊክ የምርምር ቦርድ፤ በነዳጅ ይዞታ ክርክር ከተገኘ ገንዘብ በተመሠረተ ፈንድ ወለድ ይንቀሳቀሳል። ዋናው ካፒታል ስለማይነካ ከዓመታዊ የበጀት ውዝግብ በመጠኑ የራቀ ነው። የመንግሥት መርከቦች ግን ይህ ከለላ የላቸውም። የአሜሪካ አስተዳደር ለ2026 የበጀት ዓመት ያቀረበው ዕቅድ የብሔራዊ ውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር የምርምር ዘርፍን የማጠፍ ሐሳብ ይዞ እንደነበር ይታወሳል።

ኖርዌይ በበኩሏ ከ2018 ጀምሮ አሥር ተቋማትን ያቀናጀ፤ 740 ሚሊዮን የኖርዌይ ክሮነር የተመደበለት ናንሰን ሌጋሲ የተሰኘ የምርምር ፕሮጀክት በባረንትስ ባህር አካሂዳለች። ግማሹን ወጪ የሸፈኑት ተቋማቱ ራሳቸው ነበሩ። የዚህ ዓይነት ፕሮጀክት ስለ ለውጡ ሂደት ብዙ ያስረዳል፤ ነገር ግን የጊዜ ገደብ አለው። ኮድ የተባለውን ዓሣ ኮታ የሚወስኑት ባለሥልጣናት ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ቁጥር ይሻሉ። ይህ ኮታ በ2013 አንድ ሚሊዮን ቶን የነበረ ሲሆን በ2025 ወደ 340 ሺህ ቶን ወርዷል።

ኮታው የሚወሰነው ከሩሲያ ጋር በጋራ ነው። ሁለቱ አገሮች ከ2004 ጀምሮ የባረንትስን ሥነ ምህዳር በጋራ ሲያስሱ ቆይተዋል። በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ሩሲያ በ2022 ከዓለም አቀፉ የባህር ምርምር ምክር ቤት ስትታገድም ኖርዌይ የሁለትዮሽ የዓሣ ሀብት ግንኙነቱን አላቋረጠችም። ዓሣው ድንበር አያውቅምና ከዚህ የተለየ አማራጭ አልነበራትም።

ከሁለቱ ባህሮች በስተሰሜን ያለው የማዕከላዊ አርክቲክ ውቅያኖስ ዓለም አቀፍ ክልል 2 ነጥብ 8 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፤ ይህም ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት እጥፍ በላይ ነው። ዘጠኝ አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት በ2018 በግሪንላንድ ተፈራርመው በ2021 ሥራ ላይ ባዋሉት ስምምነት በዚህ ክልል ለ16 ዓመታት ለንግድ ዓሣ ላለማጥመድ ተስማምተዋል። በስምምነቱ መሠረት የጋራ የሳይንስ ጥናትና ክትትል ፕሮግራም ይኖራል፤ የጋራ የገንዘብ ቋት ግን አልተመሠረተለትም። መርከብ የመላኩ ወጪ የየፈራሚው ሲሆን የመጀመሪያው የእገዳ ዘመን በ2037 ያበቃል።