የገና መብራት በግቢያችን

በቅርቡ በተደረገው የተማሪዎች ስብሰባ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ይኸውም ከእያንዳንዱ ተማሪ ገንዘብ ተዋጥቶ ለገና በግቢያችን የሚቆም የፕላስቲክ ዛፍና ባለብዙ ቀለም አምፑል ይገዛ የሚል ነው። ብዙዎች አጨበጨቡ። እኔ በበኩሌ አልተስማማሁም፤ ምክንያቴንም ለውድ አንባብያን ለመግለጽ እወዳለሁ።

አምፑሉ አያምርም አልልም፤ ያምራል። ነገር ግን አውሮፓውያን ከተሞቻቸውን በመብራት የሚያስጌጡት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው። በገና ሰሞን በለንደን ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ቅጠሉ ረግፎ፣ ብርዱ በርትቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲከተት የአደባባይ መብራት ያጽናናል። በእኛ አገር ግን ታኅሣሥ ሰማዩ ብራ የሚሆንበት፣ አዝመራ የሚሰበሰብበት፣ ልጆች በሜዳ ገና የሚጫወቱበት ወር ነው፤ ፀሐይም እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አትለየንም።

ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ከአክስቴ ጋራ ላሊበላ ነበርኩ። በዚያች ከተማ በዓሉ እጥፍ ነው፤ የጌታ ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድ ቀን ይከበራሉና። ከሩቅ በእግሩ የመጣው ሕዝብ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ከዓለት በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ሞልቷል። ሲመሽ አንዲት እናት ጧፋቸውን አበሩ፤ ከእሳቸው አንድ ሽማግሌ ለኮሱ፤ ከሽማግሌው እኔ፣ ከእኔም አንድ ሕፃን። ነፋስ ሲመጣ በመዳፋችን እንጋርዳለን፤ የጠፋበትም ከጎረቤቱ ይለኩሳል። (ሰሙ ጣቴን ፈጅቶኛል፤ ይህን አልሸሽግም።) በስልካቸው ፎቶግራፍ የሚያነሡም ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ በሌላው እጃቸው ጧፍ ይዘዋል። ሲነጋ ካህናቱ በቤተ ማርያም፣ ከፊሎቹ ከዓለቱ ጠርዝ ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉን እየተቀባበሉ ሲያሸበሽቡ በእጄ የቀረችው ጉማጅ ብቻ ነበረች።

አምፑል አንድ ሰው ማብሪያውን ሲጫን ይበራል፤ የቀረው ቆሞ ያያል። እኔን ያላስደሰተኝ ይህ ነው። መዋጮውም ገናን ከማያከብሩት ጓደኞቻችን ጭምር ይጠየቅ መባሉ ተገቢ አይመስለኝም።

ስለዚህ የምናከብረው ተማሪዎች አንዳንድ ጧፍ ከየቤታችን ይዘን በዋዜማው ማታ በሜዳው ላይ እንሰብሰብ። ወላጆችም ቢመጡ ደስ ይለናል። የመጀመሪያዋን ጧፍ የግቢያችን ዘበኛ እንዲለኩሷት እጠይቃለሁ፤ በየዓመቱ በዓሉን በር ላይ የሚያሳልፉት እሳቸው ናቸውና።