ደህናውን ኮምፒውተር ማን አስረጀው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የተሠሩ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችንም፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ አይቀበልም። ደብዳቤ ለመጻፍና ኢሜይል ለመላክ ምንም ያልጎደለው ላፕቶፕ በአንድ ኩባንያ ውሳኔ ጡረታ ወጣ ማለት ነው። ኮምፒውተር በውጭ ምንዛሪ ለሚገባበት አገር ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ሥርዓተ ክወና ግን በ4 ጊጋባይት ራም ይሠራል፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ ሳይጫንም ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ ይሞከራል።

“የጀርመኗ ሙኒክ ሊኑክስን ሞክራ ተመልሳ የለ?” የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል። የፈረንሳይ የፖሊስ ኃይል የሆነው ዣንዳርመሪ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት መርጦ እስካሁን አልተመለሰም። የእነሱ ብልሃት አካሄዳቸው ላይ ነው፦ መጀመሪያ የቢሮ ፕሮግራሙንና ብራውዘሩን ቀየሩ፣ ሠራተኛው ሲለምድ ዊንዶውስን አነሡ። ለእኛ የሚከብደው ተቃውሞ ከሙኒክ ይልቅ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ነው፤ ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠራም። እንግዲያው የሂሳብ ክፍሉ ማሽን ባለበት ይቆይ። ለሌሎቹ ጠረጴዛዎች አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ጨረታ የምታወጡ ኃላፊዎች ግን አስቀድማችሁ በአንዱ አሮጌ ላይ ፍላሹን ሰክታችሁ ሞክሩት።